«እስክንረጋጋ» ተብሎ የተወሰደ ውሻ የማን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ስትሰሙት ያስቃችሁ ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን ከሳቅ ካለፈ ሁለት ወሩ ነው። እናቴና ታናሽ እህቷ በውሻ ምክንያት ተኳርፈዋል።

ውሻው ቦቢ ይባላል። እናቴ ዘንድ ማለቴ ነው፤ አክስቴ ዘንድ ስሙ ጎበዝ ሆኗል። በ2012፣ ኮሮና ቤት ያስቀመጠን ሰሞን፣ የጓደኛዬ ክልስ ጀርመን ሸፐርድ ስትወልድ አንዱን ቡችላ በጃኬቴ ጠቅልዬ ካዛንቺስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያሳደገችው ግን እማዬ ናት። ጠዋት ጠዋት ፍርፋሪው ላይ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሰች፣ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት ሳንባና አጥንት እያስመጣች ይኸው አደገ። በ2017 መጀመሪያ ሰፈራችን ሲነሳ የደረሰን ቤት ገላን ጉራ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነ። ቦቢ ደግሞ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም። አክስቴ መሿለኪያ ሰፈር ግቢ አላት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈ ትከሻ የሚነካካበት ቢሆንም ግቢ ነው። ዕቃ በጫንንበት ቀን እማዬ «እስክንረጋጋ እዚያ ይቆይ» አለች፤ እኔ ወስጄ አስረከብኩ።

አሁን እማዬ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተለዋውጣ ምድር ላይ ወርዳለች። ተረጋግቻለሁ፣ ውሻዬን መልሱልኝ ትላለች። አክስቴ ደግሞ አንድ ዓመት ተኩል አብልቼ፣ አስከትቤ፣ እከክ ሲይዘው እየቀባሁ አድኜ፣ ዛሬ መጥቶ መልሱልኝ ምን ማለት ነው ባይ ናት። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጇም አለ። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወርድ ነው ውሻው አንገት ላይ የሚጠመጠመው። ባለፈው ወር እማዬ ለማንም ሳትናገር የአጎቴን ልጅ በጎረቤት ቪትዝ ላከችው። ውሻው መኪና ውስጥ አልገባም ብሎ ሲጓተቱ የአክስቴን የልጅ ልጅ እጅ ቧጨረው። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም። የአያቴ ሙት ዓመት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጠላውን ማን እንደሚጠምቅ እንኳ አልታወቀም።

ሕግ የምታውቁ፣ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ ምን ትላላችሁ? ውሻው የማን ነው?

ከዚህ በታች ያለው ከጊዜ በኋላ የጨመርኩት ነው። መልሱ ሠላሳን ሲያልፍ አዲስ የሚገቡ ሰዎች የተመለሰውን እየደጋገሙ ስለጠየቁ፣ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አነጋገር ሰብስቤዋለሁ። የሰደበኝንም አልዘለልኩም።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። እግዜር ያስታርቃችሁ ብሎ ከእድሩ ዳኛ ጀምሩ አለ። ቁጥር 2 በዚያው ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ፦ ሽማግሌው ሁለቱም ቤት ቡና የጠጣ ሰው ይሁን፤ አንዷ መርጣ የላከችው ከሆነ ሌላዋ በር ላይ ትመልሰዋለች። ልክ ነው፤ አክስቴን ያውቃታል እንዴ እስክል ድረስ።

ቁጥር 3 ለውሻ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው ወይ ብሎ ሦስት መስመር ሙሉ ሳቀ። ሰው በኑሮ ውድነት አብዷል፣ እናንተ በውሻ ትካሰሳላችሁ፣ ሥራ የፈታ ቤተሰብ አለ።

ቁጥር 4 ለእሱ መልስ ሰጠች። የካዛንቺስ ልጅ ናት፣ እንደኛው ገላን ጉራ የገባች። እነሱ ግቢ አምስት አባወራና አራት ውሻ ነበር። ከአራቱ አንዱን ብቻ ዘመድ ወሰደው። ከተነሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀረ ወረቀት ልታወጣ ወደ ድሮው ወረዳ ስትሄድ በሰፈሩ በኩል አለፈች። ቤቱ የለም፣ አጥሩ የለም፣ የበሩ መቃን የቆመበት ሲሚንቶ ብቻ ቀርቷል። አንዷ ውሻ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተኝታለች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ፣ ጀርባዋን ቤቱ ወደነበረበት አድርጋ፣ ልክ በር እንደምትጠብቅ። ስትጠራት ጅራቷን መታች እንጂ ከቦታዋ አልተነሳችም። እሷም ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አላፊ አግዳሚው ለቤቱ የምታለቅስ መስሎት አጽናናት። እንግዲህ ዘመድ ስላገኘ ውሻ የሚጣሉ ሰዎችን አትሳቅባቸው ብላ ጨረሰች። ይህን መልስ ለእማዬ አነበብኩላት። የማን ግቢ እንደሆነ ወዲያው አወቀች፤ ውሻይቱንም በስሟ ጠራቻት።

ቁጥር 5 የአንድ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባል ነኝ አለ። ምድር ላይ መውረድ ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ የሕንፃው ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ስለ እንስሳ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ጠይቁ። እሱ ያለበት ሕንፃ ላይ ስብሰባው በውሻ ጩኸት ተጀምሮ በውሻ ጩኸት ነው የሚያልቀው፤ አንዱ ሌሊት ሲጮህ የሁሉም ብሎክ ይቀባበላል። ደግሞ ግቢ የለመደ ውሻ የሚውለው የት ነው፣ ደረጃ ሥር ነው? ቁም ነገር ስለሆነ ሄጄ ጠየቅሁ። ደንቡ አይከለክልም፤ ግን ከእማዬ መስኮት ፊት ያለው ሣር የሁሉም ነው።

ቁጥር 6 የጤና ባለሙያ ናት፤ ስለ ባለቤትነቱ አንድ ቃል አልጻፈችም። የልጁ ቁስል ታጥቧል ወይ? በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ? ውሻው ተከትቧል ወይ፣ መቼ? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጭረት ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቁጥር 7 ላይ እኔ መለስኩ፦ አክስቴ ወዲያው በላርጎ አጥባዋለች፣ ጤና ጣቢያም ሄዷል፣ ውሻው መስከረም 2018 ላይ ተከትቧል፣ ደብተሩም አለ። ደብተሩን ያስያዘችው አክስቴ እንደሆነች መጻፌ ግን ሌላ በር ከፈተ። ባለቤት በሚለው መስመር ላይ የማን ስም እንዳለ ሰው ሁሉ ይጠይቀኝ ጀመር። የልጅ ልጇ ስም ነው። በራሱ የእጅ ጽሑፍ።

ቁጥር 8 ተቆጥቶ የመጣ ነው። ይህ እምነት ማጉደል ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 በግልጽ አስቀምጦታል፣ አክስትህን ፖሊስ ጣቢያ ውሰዳት አለ። ፎቶ አንሡ፣ ምስክር ቁጠሩ፣ ለዘመድ ብላችሁ አትለሳለሱ። ገጹን ሳነብ አክስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ጣቢያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ታየኝና ስልኬን ዘጋሁት። ቁጥር 9 ያ ቁጥር 3 ነው፤ ቁጥር 4ን አንብቦ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፣ እሱም ቄራ አካባቢ ሲያድግ ውሻ እንደነበረው ተናገረ። ከዚህ ክር ውስጥ ራሱን ያረመ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቁጥር 10 ጠበቃ ነው፤ ረጅሙን መልስ የጻፈው እሱ ነው። መጀመሪያ ቁጥር 8ን ዝም አሰኘ። ለማታለል ያሰበ በሌለበት፣ የራሴ ነው ብሎ በቅንነት የሚከራከር ሰው ላይ ወንጀል አይፈለግም፤ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዓይን ውሻ ከወንበር አይለይም፤ ግዙፍነት ያለው ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ውሻው ማንን ይወዳል፣ ሕፃኑ ምን ይሰማዋል የሚል አንቀጽ አትፈልጉ። አንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ነገር በእጁ ያለ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል፤ ስለዚህ ዛሬ ግምቱ ለአክስትየው ነው፣ ማስረዳት የእናትየው ድርሻ ነው። ግን እስክንረጋጋ ተብሎ ከተሰጠ አደራ ነው፤ ከአንቀጽ 2779 ጀምሮ ያለው ይገዛዋል። አደራ ተቀባይ የተቀበለውን ይመልሳል፤ ለጥበቃው ያወጣውን ወጪም ይጠይቃል። ስለዚህ እናትየው ውሻውን ብትረታ የአንድ ዓመት ተኩል ሳንባ፣ አጥንት፣ ክትባትና መድኃኒት ሒሳብ ይጠብቃታል።

ከዚያ በሳቅ የገደለኝን ጨመረ። አንቀጽ 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ እንስሳው ከእጁ አምልጦ እንኳ ቢሆን። የተቧጨረውን ልጅ ሕክምና ማን ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁና ማን ቀድሞ የኔ አይደለም እንደሚል ተመልከቱ። (እኛ ቤት አልሠራም። ሁለቱም እከፍላለሁ ብለው በዚያም ተጣሉ።)

ስለ ፍርድ ቤትም አንድ ነገር አለ። ከደረሳችሁ በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1234፣ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አምጥቷል፤ ክርክሩ ሳይጀመር በአስማሚ ፊት መቀመጥ ይቻላል። ያም ቢሆን ለዚህ ነገር መዝገብ የሚያስከፍት ዘመድ ካገኘ ከሁለቱም አበል አልቀበልም አለ።

ቁጥር 11 ሕጉን እኔም አውቃለሁ ብሎ መጣ፤ አንድ ወር ያልተፈለገ እንስሳ ባለቤት አልባ ነው፣ እናትየው ዓመት ከተኩል ዝም ብላ አሁን ምን ትላለች? ቁጥር 12 ላይ ጠበቃው በአጭሩ አረመው። ያ ድንጋጌ ላመለጠና ባለቤቱ ላልፈለገው እንስሳ ነው፤ ቦቢ በታክሲ ተወስዶ የተሰጠ እንጂ አጥር ዘሎ የጠፋ አይደለም።

ከ13 እስከ 19 ያለው ክር መንገድ ስቷል፤ ግን ደስ ይላል። ቁጥር 13 ውሻውን መሀል አቁማችሁ ሁለቱም ይጥሩት፣ ወደሄደበት ይሂድ አለ። ቁጥር 14 ኪሷ ውስጥ አጥንት የያዘችው ታሸንፋለች፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማህም ወይ ብሎ አፌዘበት። ቁጥር 15 ሌላ ችግር አየ፦ አንዷ ቦቢ፣ ሌላዋ ጎበዝ ብለው ከጠሩት ፈተናው ስለ ስሙ ነው እንጂ ስለ ልቡ አይደለም። ከዚያ ሁሉም ስለ ውሻ ስም ሆነ። የካዛንቺስ ውሻ ለምን ሁሉም ቦቢ፣ ጃክ ወይ ቡቺ ይባላል? ቁጥር 16 የመንዝ ሰው የነበሩት አያቱ የድንበር ጎረቤታቸውን ሊነኩ ውሻቸውን ምን አስቀናህ ብለው አውጥተውለት፣ በየማታው አጥሩ ሥር ቆመው ምን አስቀናህ! ምን አስቀናህ! እያሉ ይጠሩት እንደነበር ጻፈ። እንዲህ ያለው ስም አንድ ጊዜ ወጥቶ በየቀኑ ይሰድባል። ቁጥር 17 የጃንሆይን ሉሉ አነሳ፤ ከስንት ሚኒስትር ይልቅ ወደ ዙፋኑ የቀረበች ትንሽ ውሻ። ቁጥር 18 ውሻን ቤት ውስጥ ማስገባት ነውር ነው፣ ጠበል የሚረጭ ቄስ እንኳ አይገባላችሁም አለ፤ ከሱ ጋር የተከራከሩት ሦስት መልሶች በአስተባባሪው ተሰርዘዋል፣ ቁጥራቸውም የለም። ቁጥር 19 ሙስሊም ነው፣ ተክለ ሃይማኖት ያደገ፤ እነሱ ግቢ ጠባቂ ውሻ እንደነበር፣ ምራቁ እንዳይነካቸው ሣህኑ ለብቻ ከበሩ ውጭ ይቀመጥ እንደነበር፣ አባቱ ግን ውሻው ሳይበላ እራት እንደማይጀምሩ ጻፈ። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም።

ቁጥር 20 የሥጋ ቤት ባለቤት ነው፣ ቄራ። ስለ ሕግ አላውቅም ብሎ ጀመረ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሱቁ ይዘጋል፤ ያኔ ነው የውሻ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚታወቀው። ፍልሰታ፣ የገና ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመር የከተማው ውሻ ከግማሽ ዓመት በላይ ከጌታው ጋር ይጾማል። አክስትህ ሁለት ሁዳዴ ካሳለፈችው፣ አጥንት ከየት እንዳመጣች ጠይቃት። ጠየቅሁ። አንድ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ የእድር ጓደኛዋ ማታ ማታ በፌስታል ታመጣላት ነበር፤ ፌስታሉን ነጠላዋ ሥር ይዛ ትገባለች፣ ጾመኛ ሰው ሥጋ ይዛ ስትሄድ ጎረቤት እንዳያማት። ይህን እማዬ አታውቅም ነበር።

ቁጥር 21 ከባሌ ነው። እናንተ አዲስ አበባ በአንድ ውሻ ትጣላላችሁ፣ እኛ ጋ ያልተከተበ ውሻ ከከብት ጋር ተራራ ሲወጣ በሽታውን ለቀይ ቀበሮ ያጋባል አለ። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ የማይበልጥ የቀረው እንስሳ ነው፤ በእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ያለቀበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ውሻችሁ የማንም ይሁን፣ ክትባቱ አይለፈው። ከጥያቄው ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ግን ከብዙዎቹ መልሶች የተሻለ ነው።

ከዚያ ቁጥር 22 መጣች። ሁለት መስመር ነው የጻፈችው። ሁላችሁም እስክንረጋጋ የሚለውን ቃል ይዛችሁ ትከራከራላችሁ፤ ያ ቃል የተባለው ካዛንቺስ ነው። ውሻው የተሰጠው መሿለኪያ ነው። እዚያ በር ላይ ምን ተባለ? ማንስ ነው ያለው?

አንድ ቀን ሙሉ አልመለስኩም። ሰው ሁሉ አስተዋለ፤ ቁጥር 23 ጸሐፊው ጠፋ ብሎ አሽሟጠጠ።

ቁጥር 24 የኔ ነው። እንዲህ ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቁም ሣጥን ተሸክሜ ወገቤ ተቆርጧል። ቦቢን በጆንያ ገመድ አስሬ በላዳ መሿለኪያ ደረስኩ። ሹፌሩ ፀጉሩ ወንበሬ ላይ ቀረ ብሎ መቶ ብር ጨምሮብኝ፣ ከሱ ጋር ስጨቃጨቅ አክስቴ በሩን ከፈተች። አየችውና ፊቷ ጠቆረ። እኔ ራሴ የምበላው የለኝ፣ ይህን ጅብ የሚያህል ነገር ምን ላበላው ነው አለች። ለስንት ጊዜ ነው አለች። ለስንት ጊዜ እንደሆነ እኔም አላውቅም። አራተኛ ፎቅ እንደሚደርሰን እንኳ ያወቅነው በዋዜማው ነው። ደክሞኝ ነበር፣ በሩ እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ፣ ገመዱን እጇ ላይ አድርጌ «በቃ እንግዲህ ያንቺ ነው» አልኳት። ለማባበል ነው። እሷም ገመዱን ያዘች። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ እስከዛሬም ድረስ።

ከዚህ በኋላ ያለው አነጋገር ተለወጠ። ቁጥር 25 ታዲያ ሁለት ወር ሁለት እህቶች ሲኳረፉ ቁጭ ብለህ ስታይ ነበር፣ ጥያቄውንም እንደ ገለልተኛ ሰው ነው ያቀረብከው፣ ታፍራለህ አለኝ። ቁጥር 26 ከዚያ ባሰ፤ ቃሎቹን አልደግማቸውም። የቁጥር 27 በግጥም ነበር፣ በድሮው የበላ ልበልሃ አወራረድ፣ እኔን ከሳሽም ተከሳሽም አድርጎ አቁሞ፤ በእውነቱ ሲሰድበኝ እንኳ ቤት መምታቱን አደነቅሁ። የቁጥር 4 ልጅ ብቻ፣ በዚያን ቀን ምሽት ሁላችንም ያላሰብነውን ተናግረናል ብላ ልታስጥለኝ ሞከረች።

ቁጥር 28 ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝም ብሎ ያነብ የነበረ ነው። እንዲህ አለ። ቡችላውን ያመጣ ባለቤት ነው ካላችሁ፣ ባለቤቱ ልጁ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ያንቺ ነው ብሎ ሰጥቷል። ያበላ ያሳደገ ባለቤት ነው ካላችሁ፣ ያኔ እናትየው ነበረች፤ ነገር ግን በዚያው ሚዛን ዛሬ አክስትየው ናት። እናትየው በየትኛው በር ብትገባ በራሷ ክርክር ትረታለች።

ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። እማዬ ሁልጊዜ የምትለው ያሳደግሁት እኔ ነኝ ነው፤ እሱኑ ነው መልሰው የሚወረውሩባት።

ቁጥር 29 ላይ ጠበቃው ተመለሰ። አይደለም፣ ሦስተኛ በር አለ። ልጁ ቡችላውን ለእናቱ ቤት ካመጣና እናትየው እንደ ራሷ አድርጋ ከያዘችው፣ ባለቤቷ እሷ ሆናለች ማለት ይቻላል፤ በእጅ ወደ እጅ የተሰጠ ተንቀሳቃሽ ስጦታ ጽሑፍ አይፈልግም። እንዲያ ከሆነ ልጁ ያንቺ ነው ያለው የራሱ ባልሆነ ንብረት ላይ ነው። አክስትየው በቅንነት ተቀብላለች፣ እሱ አያከራክርም። ግን በቅንነት የያዘን ሰው የሚያድነው አንቀጽ 1161 ዋጋ ለከፈለ ነው እንጂ በነጻ ለተቀበለ አይደለም። ስለዚህ በሕግ ሚዛን እናትየው ልታሸንፍ ትችላለች። ዋናው ምስክር ግን አንተ ነህ፤ የቤተሰቡ ክርክር በሙሉ የሚቆመው ወገቡ በታመመ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ከመዝገብ ቤት በፊት እናትህ ጋ ሂድ።

ቁጥር 30 መጀመሪያ ለአክስትየው ንገራት፣ እሷ ናት በቃልህ ያመነችው አለ። ቁጥር 31 ደግሞ እናት እያለች ለአክስት? ብላ ተቆጣች። ቁጥር 32 አንድ አዛውንት ናቸው፣ በልጃቸው ስልክ የጻፉ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጠህ ንገራቸው፣ ለየብቻ ከነገርክ ሁለት ዓይነት ትናገራለህ አሉኝ። ሰውየው እንዴት እንዳወቁኝ እንጃ። ሁለት ዓይነት አዘጋጅቼ ነበር። ቁጥር 33 ቪትዙ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነና ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ።

ቁጥር 34፣ የኔ፣ ዛሬ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እማዬን ይዤ ሄድኩ። ለውሻው ነው አላልኳትም፤ ስለ ሙት ዓመቱ እንነጋገር ብዬ ነው፣ የእድሩ ዳኛም እዚያው ቆይተው ጠበቁን። አክስቴ ከምድጃው ቀና ሳትል «ግቡ» አለች፤ እትዬ አላለቻትም። ቦቢ ከብረት በሩ ሥር አፍንጫውን አሾልኮ የእማዬን ጫማ አሸተተና ድምፅ አወጣ፤ ጩኸትም ልቅሶም አይደለም፤ ከዚያ በሩ ሲከፈት ሆዱን መሬት ላይ አድርጎ እየተጎተተ መጣ። እማዬ አልነካችውም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ቆመች። ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እያየ ነው፤ እጁ ላይ ያለው ጭረት ቡናማ መስመር ብቻ ሆኗል።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ተናገርኩ። ገመዱን፣ ላዳውን፣ ቃሉን፣ ሁሉንም። ዳኛው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እማዬ ወደኔ አልዞረችም፣ እህቷን ነው ያየችው።

አክስቴ ከሰሉን እያራገበች «እኔኮ አላመንኩህም» አለች። ማታውኑ ለልጇ ሁለት ሳምንት አይሞላም፣ መጥተው ይወስዱታል ብላት ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ወር ሆነ፣ እማዬ በስልክ ስለ ውኃው፣ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ አዲሱ ጎረቤት ታወራለች፣ ስለ ውሻው አንድ ቀን አልጠየቀችም። ያን ጊዜ ነው ሰጥተውኛል ማለት ነው ያለችው፤ ስሙንም ያን ጊዜ ነው የቀየረችው።

እማዬ ብዙ ዝም ብላ ቆየች። «ከጠየቅሁማ ልፈልገው አይደል» አለች። ከዚያ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ አሁንም አልጋ ሥር ይገባል ወይ ብላ ጠየቀች። ልጁ ነው የመለሰው፦ አልጋው ዝቅ ስለሚል ጭንቅላቱን ብቻ ነው የሚያስገባው።

ዳኛው ወረቀት እንጻፍ ብለው ነበር፣ ሁለቱም አልፈለጉም። ቦቢ እዚያው ይቆያል፤ ልጁ ስላለ፣ ግቢው ስላለ፣ ደግሞም ገላን ጉራ ሄዶ ማንን እንደሚጠብቅ ማንም ስላላወቀ። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንባውን ገዝታ ትመጣለች፣ ሁለት ታክሲ ነው። የአክስቴ ሒሳብ አልተነሳም። ጠላውን አክስቴ ትጠምቃለች፣ ጌሾው ከእማዬ ነው።

ስንወጣ አክስቴ ከቁም ሣጥኑ ላይ የክትባት ደብተሩን አምጥታ ለእማዬ ሰጠቻት፤ እኔ እረሳለሁ፣ አንቺ ያዢው አለቻት። እማዬ መንገድ ላይ ገልጣ አየችው። የልጁን ስም አልሰረዘችም። ቀጥሎ የሚከተበው መስከረም ነው።